ስምንተኛው በር

ስሚኝማ የኔ ማር፣ ቁጭ በይ፣ ስለ ታላላቅ ሰዎች ነው የማወራሽ። ያኔ በኮሮናው፣ ሳይረኑ ጮኾ የዐረቧ ከተማ አማን ጥርቅም ስትል፣ ሌላው ሕዝብ ኹብዝ የሚሉትን ዳቦ ፍለጋ ሲራወጥ፣ የኛዎቹ በጎ ፈቃደኞች የሰውን ዘር እውቀት ሊያድኑ ታጥቀው ተነሡ። ቴሌግራም ላይ «የድሮ ኮምፒውተርና ጌም መዝገብ» ከፈቱ። ማን ጠየቃቸው? ማንም። ትልቅ ሥራ እንዲህ ነው የሚጀመረው።

ከነሱ አንዷ ሰዒዳ፣ ረቢየህ ሰፈር አንድ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። የቤቱ አሮጊት፣ ሐጃ፣ የሟች ባላቸው አሮጌ ኮምፒውተር ዕቃ ቤት ተቀምጦላቸዋል። ባልየው «የንጉሡ ግንብ» የሚባለውን ጌም ሲጫወት ኖሮ፣ ስምንተኛው በር ላይ እንደተገተረ ነው የሞተው። ሐጃና ሰዒዳ ቤት ተዘግቶባቸው ሲጫወቱ ሲጫወቱ አንድ ቀን የመጨረሻው፣ ዘጠነኛው በር ተከፈተ! ሐጃ አለቀሱ።

«ይጻፍ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። እንዳለ ይጻፍለት» አሏት።

ሰዒዳ መዝገቡ ላይ «በሮቹ ዘጠኝ ናቸው» ብላ ጻፈች። ማርካ ሰፈር የሚኖረው አርታዒ አሕመዲን ወዲያው አጠፋው።

«ሰባት ናቸው። ልጅ ሆኜ ኮምቦልቻ ጌም ቤት ተጫውቼዋለሁ።»

«ጨርሰኸዋል?»

«መብራት ጠፋ እንጂ እጨርሰው ነበር!»

ፎቶ ላከች። «ፎቶ ማንም ይሠራል» አላት። ነገሩ ዋናው አርታዒ ጋ ደረሰ፤ ሳሃብ ሰፈር የሚሠሩበት ፋብሪካ ተዘግቶባቸው ዶርም ውስጥ የተጋደሙት ጋሽ በላይነህ ጋ። አገር ቤት ስንት ባልና ሚስት ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ጌም ምን ያቅታቸዋል?

«ልጆቼ» አሉ፣ በአሥራ አንድ ደቂቃ ቮይስ፣ «አንቺም ትንሽ ልቀቂ፣ እሱም ትንሽ ይልቀቅ። ስለ ሰላም ሲባል ስምንት ይጻፍ።»

«ጋሼ፣ በዓይኔ አይቼው?»

«ዓይንሽ ያንድ ወገን ነዋ!»

ስምንት ተጻፈ። ገጹም ተቆለፈ። አበባ በአበባ ሆነ ግሩፑ። እንዲህ ያለ እርቅ ታይቶም አይታወቅ፤ ከበሮቹ በቀር ሁሉም ተስማማ።

ሐጃ በየጠዋቱ «ተጻፈ?» ይላሉ። ሰዒዳ አቀርቅራ ድስት ትፈገፍጋለች።

ከዚያ የሰዓት እላፊው ሕግ ተቀየረ። መውጣት የሚቻለው እስከ ስንት ነው? አሕመዲን በዐረቡ ሰዓት እስከ ስድስት አለ፣ ሙጂብ የሚባል ሌላ አርታዒ እስከ ስምንት አለ። ጋሽ በላይነህ አስታረቁና ሰባት አደረጉት። በፍርዳቸው የሚኮሩ ሰው ናቸውና ስድስት ተኩል ላይ ሲጋራ ሊገዙ ወጡ።

«ያ ሲዲ፣ ጌታዬ፣ ሰባት ላይ ተስማምተናል እኮ!» አሉት ፖሊሱን። ፖሊሱ ግን ግሩፑ ውስጥ የለም። ይዟቸው ሄደ።

ሲፈቱ አሕመዲን «ዋና አርታዒያችን ስለ እውቀት ሰባት ቀን ታሰሩ» ብሎ ለጥፎ ጠበቃቸው። ጋሼ አበዱ።

«ዘጠኝ ነው! የታሰርኩት እኔ፣ የቆጠርኩት እኔ! ሰዒዳ፣ አንቺ ሐቀኛ ልጅ ነሽ፣ አስተካክይልኝ» ብለው የመዝገቡን ቁልፍ ለሷ ሰጧት።

ሰዒዳ መጀመሪያ የሐጃን ዘጠነኛ በር ጻፈች። ቀጥላ ለጓደኛዋ ለኸውላ ደወለች። «የጋሼንስ ምን ልበለው?» ኸውላ ያለቻትን አንዲት ቃል ሳልጨምር ልንገርሽ፦

«ስለ ሰላም ሲባል ስምንት ይጻፍ።»