ከአስር ሁለት

(የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቅ። ስለ ጌም ለጋዜጣ የሚጽፈው ገምጋሚ ሰፊ ቴሌቪዥን ፊት ጆይስቲክ ጨብጦ ተቀምጧል። የሱቁ ባለቤት፣ የእናቱ ወንድም፣ ካቻቪቴ ይዞ ከጎኑ አንድ የተፈታ ቴሌቪዥን ይጠግናል።)

አጎት፦ እኔ የምልህ፣ የዚህ ሰውዬ ፊቱ የታለ? እጅና ጠመንጃ ብቻ ነው የማየው።

ገምጋሚ፦ ጋሼ፣ ለአራተኛ ጊዜ ልንገርዎት? ሰውዬው እርስዎ ነዎት! የሚያዩት በእሱ ዓይን ነው።

አጎት፦ እኔ? ታዲያ መነጽሬስ?

ገምጋሚ፦ ኧረ በፈጠረዎ! እስከ ቀትር ግምገማዬን ካላስገባሁ አዘጋጁ ገጹን ለሌላ ሰው ሊሰጥብኝ ነው።

አጎት፦ በቃ ዝም። (አንድ ብሎን ይፈታል) ምኑን ነው የምትገመግመው?

ገምጋሚ፦ አምስት የድሮ የተኩስ ጌሞች ሰብስበው እንደገና አወጧቸው። «እንደ ጥንቱ ነው፣ አልነካካነውም» ብለው ምለው ተገዝተዋል። ውሸት! ይሄኛውን ልጅ ሆኜ እዚሁ ሱቅዎ ውስጥ ሦስት ክረምት ተጫውቼዋለሁ።

አጎት፦ አስታውሳለሁ። ወንበሬን ሰብረሃል።

ገምጋሚ፦ ያኔ ዓለሙ በሙሉ አረንጓዴ ነበር! ግድግዳው አረንጓዴ፣ ጭራቁ አረንጓዴ፣ ደሙ ጥቁር። ጥበብ ነበር! አሁን ይዩልኝ፣ ቀይ በቀይ አድርገውታል።

አጎት፦ አንጀት ይበላል። ሌላስ?

ገምጋሚ፦ ጭራቅ ሲመጣ ምስሉ ይርገበገብ ነበር። ቴሌቪዥኑን ከጎኑ በጥፊ ሲሉት ጸጥ! ሠሪዎቹ አስበውበት ነው እኮ፣ ተጫዋቹ በእጁም እንዲዋጋ!

አጎት፦ (አንገቱን ቴሌቪዥኑ ሆድ ውስጥ ይቀብራል) በጥፊ...

ገምጋሚ፦ ዋናው ማጭበርበር ደግሞ፣ የድሮው አንድ ምዕራፍ ብቻ ነበር። ጭራቆቹን መግደል፣ ጥቁሩ ግድግዳ ጋ መድረስ፣ አለቀ። እነዚህ ስምንት ምዕራፍ ነው ይሉናል!

አጎት፦ ጥቁር ግድግዳ? እስቲ ያንን ነገር ወዲህ በለው።

(ጆይስቲኩን ይቀበላል። አውራ ጣቶቹ ይፈጥናሉ። ሦስት ጭራቆች ይወድቃሉ፤ ከጥግ ቀይ ቁልፍ ይነሳል፤ ቀይ በር ይከፈታል።)

ገምጋሚ፦ (ከወንበሩ ዘሎ) ግድግዳው ተከፈተ! ጋሼ፣ ምን አደረጉት?

አጎት፦ በር ነው። ቀይ በር፣ በቀይ ቁልፍ። ያኔ የምትጫወትበት ቴሌቪዥን ቀይ ቀለሙ ተቃጥሎ፣ መለዋወጫ ጠፍቶለት ነው ለአንተ የተውኩልህ።

ገምጋሚ፦ መርገብገቡስ?

አጎት፦ የላላ ሽቦ።

ገምጋሚ፦ (ዘፍ ብሎ ይቀመጣል) እርስዎ ታዲያ የት ተማሩት?

አጎት፦ አንተ ወደ ቤት ስትሄድ በደንበኛ ቴሌቪዥን እጫወት ነበር። የጠገንኩት መሥራቱን ማረጋገጥ የለብኝም? ስምንቱንም ምዕራፍ ሳልጨርስ አላስረክብም። ደንበኛው «ለምን ዘገየ?» እያለ ይጮሃል፤ ስድስተኛው ምዕራፍ ከብዶኝ ነው እለዋለሁ?

ገምጋሚ፦ እና «ፊቱ የታለ» እያሉ ያደረቁኝ?

አጎት፦ ማስረዳት ደስ ይልሃል ብዬ ነዋ።

ገምጋሚ፦ ያኔስ ለምን አልነገሩኝም?

አጎት፦ በየቀኑ «ጨረስኩት!» እያልክ እዚህ ትጨፍር ነበር። ምን አንጀቴ ችሎ?

ገምጋሚ፦ (ሰዓቱን አይቶ) ሃያ ደቂቃ ቀረኝ! ሁሉንም ልሰርዘው ነው!

አጎት፦ ቆይ፣ ከአስር ስንት ሰጥተሃቸው ነበር?

ገምጋሚ፦ ሁለት።

አጎት፦ (ካቻቪቴውን እያነሳ) እሱማ የኔ ቴሌቪዥን ነጥብ ነው። ደግሞም አዝነህለታል፤ እኔ ብሆን አንድ ነበር የምሰጠው።