አያ ሙሉነህ በጣልያንኛ እንቢ ያሉ ዕለት

ቋንቋ መማር ለክፉ አይሰጥም ይላሉ። ማን እንዳለው እንጃ፤ ልጅ ድሮ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

የታላቅ ወንድሜ የአያ ሙሉነህ ልጅ አስካለ፣ ቡሬ የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር አንድ ጣልያን ወደደች። እሱም ወደዳት። አያ ሙሉነህም፣ አፋቸው አይናገረው እንጂ፣ ወደውታል፤ አለዚያ ከፍኖተ ሰላም ገበያ ሙክት ገዝተው ምን ሊሆናቸው ያስሩታል? ብቻ አማቼን በአስተርጓሚ አላናግርም ብለው ድርቅ አሉ።

አስተማሪው እኔ ነኝ። መጽሐፌ ከበርበሬ ነጋዴ ያስጣልሁት የጣልያንኛ ሰዋስው ነው፤ ሌላው ገጽ በርበሬ ተጠቅልሎበት አልቆ፣ የተረፉት ተውላጠ ስምና ስምምነት ናቸው። ዘመኑ የአንድ ለአምስት ነበርና ቤተሰቡን በአንድ ለአምስት አደራጅቼ ጀመርን። ግሡ እንደኛው ባለቤቱን በሆዱ ይይዛል፣ "እኔ" ማለት ብዙም አያስፈልግም ስላቸው፣ አያ ጨዋ ቋንቋ ነው አሉ። ቅጽሉ ስሙን ተከትሎ በጾታም በቁጥርም ይመስለዋል ስል፣ ላምና ጥጃ በለኛ አሉ። "አንቱ" ለማለት "እሷ" ይባላል ስላቸው ግን መጽሐፉን ዘጉት። ጢም ያለውን ሰው እሷ የምለው ምን በደለኝ ብለው ሦስት ቀን አኮረፉኝ።

ቀኑ ደረሰ፤ ጣልያኑ ሁለት የቡሬ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። መቼም በኛ አገር ልጅ በመጀመሪያው ቀን አይሰጥም። ገና ልጅ ናት ብሎ መመለስ ወግ ነው፤ ተመላሹም ያውቀዋል፣ ደግሞ ይመጣል። አያ ሙሉነህ ተነሡ፣ ጋቢያቸውን አጣፉና "ላ ራጋዛ ኤ ፒኮላ" አሉ፤ ልጅቱ ትንሽ ናት ማለታቸው ነው። አስከትለውም በዚያው በጣልያንኛ አንሰጥም አሉ። ስሙ ከቅጽሉ፣ ጾታው ከቁጥሩ፣ አንድ ስሕተት የለም። በኩራት ዕንባዬ መጣ።

ሽማግሌዎቹ አንድ ቃል አልገባቸውም። የአያን ትሕትና አይተው፣ ተሰጠን ብለው መረቁ። ጣልያኑ ግን ከወጉ በቀር ሁሉም ገባው። ይባስ ብሎ የገዛ ሽማግሌዎቹ በመባረሩ ሲመርቁ አየና ቁርጡን አወቀ። ቡሬ ተመልሶ ሻንጣውን ሸከፈ።

አስካለ ስታለቅስ አደረች፤ እኔም አፈርሁ። ሲነጋ በሚኒባስ ቡሬ ሄደች። ምን ብላ እንዳስረዳችው አላውቅም፣ በሳምንቱ ከነሽማግሌዎቹ ተመለሰ። አያ ሙሉነህ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ አስካለ ከጓዳ ወጣች፤ መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀብላ፣ አባዬ፣ ዛሬ በአማርኛ ይናገሩ አለች።

ተናገሩ። ልጄን ብታስከፋት ምድር አትበቃህም ከማለት ጀምረው፣ ክረምት ክረምት እርሻ እንዲያግዛቸው ሁሉ አስገቡ። ጣልያኑ አንድም ሳይገባው ፈገግ እያለ ሁሉንም "እሺ" አለ። ሙክቱ ታረደ።

ይኸው ዛሬ አማርኛ ካላስተማርኸኝ እያለ መግቢያ መውጫ ነሥቶኛል። ትዳራቸውን ስለምወደው እንቢ ብዬዋለሁ።