የወይዘሮ ያለምወርቅ ካቢኔ

በየሰፈሩ ምክር ሳይጠይቅ ሽንኩርት እንኳ የማይከትፍ አንድ ሰው አለ። ይህ ሰው ሲጠይቅ ከልቡ ነው፤ ሲሰማም ከልቡ ነው፤ ሲስማማም ከልቡ ነው። ችግሩ ከሁሉም ጋር መስማማቱ ነው። ጠዋት ከአንዱ ጋር ይስማማል፣ ከሰዓት ከተቃራኒው ጋር ይስማማል፣ ሁለቱንም የሚሳደብ ሦስተኛ ሰው ከመጣ ደግሞ ከእሱም ጋር ይስማማል። በሌላው ከተማ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እንጅባራ ላይ ግን ወንበሩን የያዙት የአባቴ እህት፣ ክብርት ወይዘሮ ያለምወርቅ ናቸው።

አክስቴ «አንተስ ምን ትላለህ?» ሳይሉ ውለው አያውቁም። መልሱን ከሰሙ በኋላ ዓይናቸውን ጨፈን፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «እውነትህን ነው» ይላሉ። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው ሳይቀር «እውነትህን ነው» ተብሎ ከቤታቸው ወጥቷል። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ምን ብሎ እንደነበር ለማስታወስ ሲሞክር በዓይኔ አይቻለሁ።

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ባሕር ዳር የምትሠራው የመጨረሻ ልጃቸው ዮዲት ለጥር ሠርግ ተቆረጠላት። መልሱ እንጅባራ፣ እናቷ ቤት ነው። አክስቴ ይህን እንደሰሙ ወደ ኩሽናቸው ገብተው መሀሉ ላይ ቆሙ። ግድግዳው በጭስ ብዛት ስም የሌለው ቀለም ይዟል። የወለሉ ፕላስቲክ ምንጣፍ በርና ማጠቢያው ጋ ተበልቶ አፈር ያሳያል። ከዚያ ደግሞ ካቢኔው አለ።

ካቢኔውን የሠሩት ባለቤታቸው ጋሽ ገብረ ማርያም ናቸው። ጋሽ ገብረ ማርያም አናጢ አይደሉም፤ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና መካኒክ ናቸው። ጣውላው ጥሩ ዋንዛ ነው፤ የተያያዘው ግን በሚስማር ሳይሆን አውራ ጣት በሚያክል የመኪና ብሎን ነው። የትልቁ በር እጀታ ከአንድ የሞተ አይሱዙ የተነቀለ ስለሆነ ስኳር ለማውጣት በከፈቱት ቁጥር ሹፌር የወረደ ይመስላል። ሙሉው ዕቃ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ግራው ጫፍ ላይ ያስቀመጡትን ሎሚ ቀኙ ጫፍ ላይ ነው የሚያገኙት።

አክስቴ ዞር ዞር ብለው አዩና ውሳኔ አሳለፉ። «ኩሽናው ይታደሳል። ካቢኔው ግን ባለበት ይቆያል።» እኛም እንደሌላው ውሳኔያቸው እስከ ማታ የሚቆይ መስሎን ዝም አልን።

ከዚያ እኔ ተጠራሁ። የምተዳደረው በፎቶ ቤት ነው፤ ያን ሰሞን ግን ሱቄን ዘግቼ ቤት ተቀምጬ ነበር። «አንተ ቀለም ታውቃለህ፤ ምን ይቀባ?» አሉኝ። እኔ የማውቀው ፎቶ ላይ ያለውን ቀለም እንደሆነ፣ ግድግዳ ቀብቼም አስቀብቼም እንደማላውቅ ባስረዳ ማን ይሰማኛል። ሲጨንቀኝ «ክሬም» አልኩ። «እውነትህን ነው» አሉ። በማግስቱ ሽባባው የሚባል የጫግኒ ቀለም ቀቢ መጥቶ አንዱን ግድግዳ ክሬም አደረገው።

ቀለሙ ሳይደርቅ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዋጋዬ ገቡ። ወይዘሮ ዋጋዬ አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ከርመው የመጡ ሰሞን ስለነበር ሁሉንም ነገር የሚያዩት እዚያ ካዩት ጋር እያስተያዩ ነው። «ውይ ያለምዬ፣ ክሬም እኮ የክሊኒክ ነው። አሁን ሰው የሚቀባው ነጭ ነው፣ ነጭ!» አክስቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለተኛው ግድግዳ ነጭ ሆነ።

ሽባባው ሲሠራ አስተያየት የመስጠት ልማድ አልነበረውም። ግን ተጠየቀ። «እኔማ እትዬ፣ ጫግኒ ላይ አረንጓዴ ነው የምንወደው። ዓይን ያሳርፋል» አለ በእፍረት። ሦስተኛው ግድግዳ አረንጓዴ ሆነ።

አራተኛውን ያስወሰነው ኔትወርክ ነው። ዮዲት ደውላ ስለ ሠርጉ ስታወራ መስመሩ መቆራረጥ ጀመረ። ልጅቱ ከዚያ ማዶ «ሰማሽ? እማዬ፣ ሰማሽ ወይ?» ትላለች። አክስቴ ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው «ሰማያዊ ነው የምትለው» አሉን። «እሷም እውነቷን ነው።»

በሳምንቱ መጨረሻ ሽባባው አራት የተከፈተ ጣሳ መሀል ቆሞ፣ ከአናቱ እስከ ጫማው አራት ዓይነት ቀለም ተረጭቶበት፣ ወደ አራቱም ግድግዳ ተራ በተራ ይዞር ነበር። «እትዬ፣ አሁን እኔ የቱን ልጨርስ?» አለ። «አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት። ባዶ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና ራሱን ያዘ።

ግራ መጋባቱ ከቤት ወጥቶ ከተማ ገባ። አንድ ቀን ከአክስቴ ጋር በባጃጅ ወደ ገበያ ስንሄድ ሽባባው ደወለ። እሳቸውም ስልክ ላይ መጮህ ይወዳሉ። «ካቢኔው አይነሳም አልኩህ! የሚቀየረው ላይ ላዩ ብቻ ነው! አዎ፣ የቆሸሸውን ጥረገውና ባለበት ይቀመጥ!» አጠገባችን የነበሩ ከረባት ያሰሩ ሰውዬ ቀስ ብለው ጠጋ አሉና «እማማ፣ ይሄን ከየት ሰሙ? የዞኑን ነው የክልሉን?» አሏቸው በሹክሹክታ። «የኔን ነዋ!» አሉ አክስቴ። ሰውየው ከዚያ በኋላ እስኪወርዱ ድረስ በከፍተኛ አክብሮት ነበር የሚያዩዋቸው።

ሠርጉ ሲቃረብ ዮዲት መጣች። ኩሽናውን ከፍታ አየችና መልሳ ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው። «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ከማለቷ ጋሽ ገብረ ማርያም የብሎን መፍቻቸውን ይዘው ገቡ። ጋሽ ገብረ ማርያም ብዙ አይናገሩም፤ የዚያን ቀን ግን ተዘጋጅተው ነው የመጡት።

«ግድግዳውን እንደፈለጋችሁ። ይሄን ነገር ግን ዛሬ እፈታዋለሁ» አሉ ካቢኔውን እያሳዩ። «የሙሽራው አባት ሕንፃ ተቋራጭ ነው። ገብቶ ሲያየው ጋራዥ ውስጥ ነው እንዴ የምታበስሉት አይለንም? ልጄን አላሳፍርም።»

ወይዘሮ ዋጋዬ «ትክክል!» አሉ። እኔም ትክክል አልኩ። ዮዲት ትንሽ አቅማማችና «አባዬ ካለ ይሁን፤ አዲስ እናስገባለን» አለች። ሽባባው እንኳ ቡሩሹን ይዞ ራሱን ነቀነቀ። ሥራው ከተጀመረ ጀምሮ ሁላችንም በአንድ ነገር የተስማማነው ያን ዕለት ነው። አክስቴ ዓይናቸውን እስኪጨፍኑ ብቻ ነበር የምንጠብቀው።

አልጨፈኑም። «አይሆንም» አሉ።

የሰማነው ነገር ስላልገባን ሁላችንም ተያየን። ጋሽ ገብረ ማርያም መፍቻውን እንደያዙ «ምን አልሽ?» አሉ።

«አይሆንም አልኩ። ከዳንግላ ይዘኸኝ ስትመጣ ብርጭቆ የማስቀምጥበት አልነበረኝም። ዕቃዬ ሁሉ በጆንያ ሆኖ መሬት ላይ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንተም አልተናገርኩም። ያን ክረምት ከሥራ ስትገባ እጅህን ሳትታጠብ፣ እዚች ጥግ ተቀምጠህ ስትቀጠቅጥ ከረምክ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብህ። አንተ ግን ማንንም ሳትጠይቅ ሠርተህ ጨረስክ።»

«ጠማማ ነው እኮ፣ ያለም» አሉ ጋሽ ገብረ ማርያም ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ያኔም ጠማማ ነበር። ሳየው ሁልጊዜ ያሳፍረኛል።»

«ይጥመም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዕቃዬን ይዟል።»

ጋሽ ገብረ ማርያም ወደ ካቢኔው ጠጋ አሉ። ከዚያ በያዙት መፍቻ የላሉትን ብሎኖች አንድ በአንድ ማጥበቅ ጀመሩ። ሽባባው ብርጭቆ ወረቀት አምጥቶ የዓመታቱን ጭስ ከጣውላው ላይ ፋቀው። ከሥር የወጣው የዋንዛ መልክ ቀይ ዳማ ነበር። ቫርኒሽ ብቻ አስነኩት፤ ቀለም የሚባል እንዳይደርስበት ተባለ። ወለሉም አዲስ ምንጣፍ ለበሰ። ግድግዳው ጊዜ ስላጠረ በአራት ቀለሙ ቀረ።

መልሱ በደህና አለፈ። ያን ያህል የተፈራው የሙሽራው አባት ድንኳኑ ውስጥ ሁለት ዙር በልተው ኩሽና የሚባል ነገር መኖሩን ሳያስቡ ወደ ባሕር ዳር ተመለሱ።

በማግስቱ አክስቴ ዕቃ ሲያጥቡ እኔ እያደረቅሁ ነበር። የከነከነኝን ጠየቅኳቸው። «አክስቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ከአራቱ ቀለም እርስዎ የወደዱት የቱን ነው?»

«እኔ?» አሉ በመገረም። «ግድግዳ እኮ ነው ልጄ። ምንም ቢሆን ግድ የለኝም።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ሰው ለምን ጠየቁ?»

«ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ዋጋዬ ልጇን አዲስ አበባ ድራ ከመጣች ወዲህ የሚያዳምጣት የለም። ሽባባው ደግሞ ቅባ ሲሉት እንጂ ምን ትላለህ ሲሉት ሰምቶ አያውቅም።»

«እኔስ? እኔ ስለ ግድግዳ ምን አውቄ ነው የጠሩኝ?»

ሳህኑን አለቅልቀው አቀበሉኝና ፊታቸውን ወደ ማጠቢያው መለሱ። «አንተማ ያቺ ልጅ ከተወችህ ጀምሮ ሱቅህን ዘግተህ ከቤት አትወጣም ነበር። ና አይዞህ ብልህ አትመጣም። ምን ብዬ ልጥራህ?»

የያዝኩት ሳህን ደርቆ ሳለ እንደገና ወለወልሁት።