«ቅምጥሎቹ» በየኔታ ቃለ ክርስቶስ ትርጓሜ

ድራማ በሚታይበት ቤት ሁሉ ድራማውን የማያሳይ አንድ ሰው አይጠፋም። ልዩነቱ በዓይነቱ ነው። አንዱ ዓይነት ቀድሞ የሚናገር ነው፤ «አሁን ታያላችሁ፣ በጥፊ ይላታል» ብሎ ጥፊውን ሳያርፍ ያቀዘቅዘዋል። ሌላው ከመሀል ይገባና «ይቺ ደግሞ ማናት?» እያለ እስከ መጨረሻው ይጠይቃል። ሦስተኛው ዓይነት ብርቅ ነው፤ በየከተማው አንድ ቢገኝ ነው። እሱ አይቀድምም፣ አይጠይቅም። ይተረጉማል።

መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ላላት ለሰብሌ የደረሳት ሦስተኛው ነው።

መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ ይባላሉ። የመጽሐፍ መምህር ናቸው። ግማሹ የከተማው ሰው ፊደል የቆጠረው እሳቸው ዘንድ ስለሆነ ሁሉም «የኔታ» ይላቸዋል፤ ሰብሌም ከቆጠሩት አንዷ ናት። እሑድ እሑድ አስቀድሰው፣ ምሳቸውን በልተው፣ ጥቂት ጋደም ካሉ በኋላ፣ ልክ ለዘጠኝ ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀር ሻይ ይጠማቸዋል። «ቅምጥሎቹ» የሚጀምረው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

«እኔ እንኳ ለሻይ ነው የመጣሁ» ይላሉ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ያለውን ወንበር እየያዙ።

«ቅምጥሎቹ» ከባድ ነገር አይደለም። ሉሊትና ጸደንያ የሚባሉ ሁለት የሀብታም እህትማማቾች አሉ፤ አዲስ አበባ፣ ትልቅ ግቢ ውስጥ። አባታቸው ሠራተኛዋንም ሾፌሩንም አሰናብቶ፣ «እስቲ ራሳችሁን ቻሉ» ብሎ ጥሏቸው ሄዷል። በየሳምንቱ አንድ ነገር ሊሠሩ ይሞክራሉ፤ በየሳምንቱ ያቃጥሉታል። አንዴ እንቁላል በየት በኩል እንደሚከፈት ሲከራከሩ ክፍሉ አለቀ። በቃ፣ ይኸው ነው።

በሰብሌ ቤት ስለ ልጆቹ ያለው አስተያየት ብዙ ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ ሁዳ ሉሊትን ትወዳታለች። «ወላሂ፣ ታሪኩ አያገባኝም፤ ቀሚሷን ለማየት ነው የምመጣው» ትላለች። የጭነት መኪና ሾፌሩ ክንፈ ሁለቱንም አይወድም። «አንድ ቀን ከማሻ ከተማ እስከዚህ እህል ጭነት ላይ ተቀምጠው ይምጡ፤ ያኔ ሜካፑን ትተው ጸሎት ይማራሉ» ይላል። ይህን እያለ አንዲት ክፍል አምልጣው አታውቅም፤ ማሻ ያለ ጭነት እንኳ እሑድ ቀን ክንፈን አያገኘውም። የኔታ ደግሞ «ከንቱ ነው» ይላሉ። ካሉ በኋላ ከንቱነቱን ያብራራሉ።

አተረጓጎማቸውን ለመረዳት የመጽሐፍ ቤትን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። መምህሩ ንባቡን ያነብና መጀመሪያ ቀጥታውን ይናገራል። ከዚያ «አንድም» ይልና ሁለተኛ ትርጉም ያመጣል፤ ደግሞ «አንድም» ይልና ሦስተኛ። አንዱ ሌላውን አይሽረውም፤ ሠርግ ቤት ውስጥ እንግዳ ሲጨመር እንደሚጠጋጉ ሰዎች ሁሉም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ድንቅ ሥርዓት ነው፤ ስንትና ስንት ሊቅ ዕድሜውን ሰጥቶታል። አንድ ችግር ብቻ አለበት። መጽሐፍ ይጠብቃል፤ ቴሌቪዥን አይጠብቅም።

አንድ እሑድ ሉሊት «ይሄማ የአምና ነው!» ብላ ጫማዋን በመስኮት ወረወረችው።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ» አሉ የኔታ፣ ቴሌቪዥኑ የሚሰማቸው ይመስል እጃቸውን አንስተው። «ጫማ ወረወረች። ምን ማለት ነው? ጫማ የሀብት ምሳሌ ነው፤ ስትረግጠው ኖረች እንጂ አልያዘችውም። አንድም፣ ጫማ መንገድ ነው፤ ጫማዋን ስትጥል መንገዷን ጣለች። አንድም…»

«አንድም ጠበባት» አለ ክንፈ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የኔታ ግን አልሳቁም። ጥቂት አሰቡና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ያስኬዳል» አሉ። «ለካ አንተም ተማሪ ነህ፤ ያስኬዳል!» በዚህ መሀል ጸደንያ አንድ ሰው አግኝታ፣ ወዳ፣ ተጣልታ ጨርሳ ነበር። ማን እንደሆነ እስካሁን የሚያውቅ የለም።

ሌላ ጊዜ ሉሊት አረንጓዴ ቦርሳ ይዛ ከክፍሏ ወጣችና በር ላይ ስትደርስ ቦርሳው ቀይ ሆነ።

«የኔታ፣ ይሄ የቀረጻ ስህተት ነው» አለች ሁዳ፣ መንገዱን ገና ሳይጀምሩት ልትዘጋባቸው።

«ስህተት? ከቶ! ቀለም ያለ ምክንያት አይለወጥም፤ ደራሲ እንቅልፍ አጥቶ የሠራውን አንቺ በአንድ ቃል ታጠፊዋለሽ?» አሉና ሁለት እሑድ በቦርሳው ላይ ዋሉ። ክንፈ «ሊቀ ቅምጥሎች» የሚል ማዕረግ የሰጣቸው ያኔ ነው። በፊታቸው በዚህ ስም አይጠራቸውም፤ ነገር ግን ሰምተው እንደወደዱት ሰብሌ ትጠረጥራለች።

ይህ ሁሉ ያስቃል። ሰብሌን ግን ማሳቁን እየተወ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያሲን አዲስ ቴሌቪዥን ገዝቷል፤ የበር ያህል ነው። እዚያ ሰው ዝም ብሎ ያያል። መጀመሪያ ከሰብሌ አግዳሚ የሄዱት የባንክ ቤት ልጆች ናቸው፤ ቀጥለው አስተማሪዎቹ። በመጨረሻ፣ የመጨረሻው ክፍል ሊታይ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሁዳም አፍ አውጥታ ተናገረች።

«እትዬ ሰብሌ፣ አትቀየሚኝ። የእሑዱን ያሲን ቤት ነው የማየው። አንቺ ቤት ትምህርት ቤት ሆነ፤ እኔ ደግሞ ትምህርት የተዘጋልኝ ገና አሁን ነው።»

ሰብሌ ታውቃለች፤ የመጨረሻውን ማዶ ያየ ሰው ሌላ ድራማም ሲጀመር ማዶ ነው የሚሄድ። ቤቷ የእሑድ ጫጫታውን ካጣ የቀረው የሾፌሮች ጥድፊያ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ወጣች። የኔታን ቤታቸው ደጃፍ ላይ የመጽሐፍ ማኅደር ሲሰፉ አገኘቻቸው። ጤናቸውን ጠየቀች፤ ስለ ዝናቡ አወራች፤ ስለ ወግዲ መንገድ መበላሸት አወራች፤ ተመልሳ ስለ ዝናቡ አወራች።

«አንቺ ሰብሌ» አሉ የኔታ፣ ከመርፌያቸው ቀና ሳይሉ፣ «ዝናቡን ልትነግሪኝ ነው ይህን ዳገት የወጣሽ? እኔም እዚሁ እኮ ነው የሚዘንብብኝ።»

«የኔታ…» አለችና ነጠላዋን አስተካከለች። በልጅነቷ «ሀ በዪ» ያሏት በዚሁ ድምፃቸው ነበር። «ነገ የመጨረሻው ነው። ሰዉ እንዲሰማ… ትንሽ ዝም ቢሉልን ብዬ ነው።»

መርፌው ቆመ።

«እኔ አስቸግራለሁ?»

«ኧረ የለም! አንዳንዱ ሰው ነው እንጂ እኔማ…»

«በጅ» አሉ፤ መርፌውንም መልሰው ወጉት። «ነገ አፌ ለሻይ ብቻ ነው። ቃሌ ነው።»

ቢቆጧት በወደደች። ዳገቱን ስትወርድ እግሯ ስትወጣው ከነበረው ይልቅ ከብዷት ነበር።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቷ ሞላ። የኔታ ዝም ሊሉ ነው የሚለው ወሬ ተሰምቶ ነበርና ሁዳም መጣች፣ ሁለት አስተማሪዎችም ተመለሱ። የኔታ የፊቱን ወንበር ትተው ጥግ ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውንም እስከ አፍንጫቸው ድረስ አጣፉት። ድራማው ተጀመረ። በእርግጥም ሁሉም ነገር ይሰማ ነበር፤ እያንዳንዷ ቃል። ክንፈ አንዴ ወደ ጥግ ዞሮ አየ። ቆይቶ ደግሞ ዞረ። ሉሊትና ጸደንያ በአንድ መስታወት ተጣሉ፤ ማንም አልሳቀም። ሉሊት ሻንጣዋን አንጠልጥላ በዝናብ ወጣች፤ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ።

መብራት ጠፋ።

ሐምሌ ነውና በቀን ቤቱ ዳፍንት ሆነ። ስልክ የሞከሩ ኔትወርኩም አብሮ መሄዱን ተናገሩ። አንድ ሰው ወደ ማዶ አሻግሮ አየ፤ የያሲን ቤትም ጨለማ ነው። ጥቂት ቆይቶ ያሲን ራሱ ኮት ራሱ ላይ ጥሎ፣ እንግዶቹን አስከትሎ እየሮጠ ገባ።

«አብሽሩ፣ እኛም ዘንድ ጠፍቷል» አለ ውኃውን እያራገፈ። «ይልቅ የኔታ የት አሉ? ልጅቱ ትሳፈራለች ወይስ አትሳፈርም? ሰዉ ሊገድለኝ ነው።»

ሁሉም ወደ ጥግ ዞረ። የኔታ ከጋቢያቸው ውስጥ አንድ ጣት አወጡና ወደ ሰብሌ ጠቆሙ።

አሁን ሁሉም ወደ ሰብሌ ዞረ። የባንክ ቤቱ ልጆችም፣ አስተማሪዎቹም፣ «ትምህርት ቤት ሆነ» ያለችው ሁዳም። ሰብሌ ፊቷ ጋለ።

«ይናገሩ የኔታ» አለች። «ያጠፋሁ እኔ ነኝ።»

ጋቢው ወረደ።

«ሻንጣዋን አያችሁት?» አሉ፣ ሲጠብቁት የቆዩ ሰው እንደመሆናቸው ሳይንደረደሩ። «ባዶ ነው።»

«እንዴት አወቁ?» አለ ያሲን።

«ስታነሳው ትከሻዋ አልወረደም።»

«እውነት ነው!» አለ ክንፈ ብድግ ብሎ። «እኔ ጭነት የማውቅ ሰው ነኝ፤ ባዶ ነው! በአንድ ጣት ነው ያነሳችው!»

የተዋናይ ሻንጣ ሁልጊዜም ባዶ እንደሆነ ሁዳ ታውቃለች። ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

«እንግዲህ» አሉ የኔታ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባዶ ሻንጣ ይዞ የወጣ ሰው ልሂድ ብሎ አልወጣም፤ ተመለስ በሉኝ ብሎ ነው የወጣ። ይቺ ልጅ አውቶቡስ አትጠብቅም፤ እኅቷን ነው የምትጠብቅ። አንድም፣ ሻንጣው ባዶ የሆነው ከዚያ ሁሉ ቀሚስ ውስጥ ይዤው ልሂድ የምትለው አንድ ስላጣች ነው። የምትፈልገው ነገር ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ እቤት ተቀምጦ ያለቅሳል። አንድም…»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። ከያሲን እንግዶች አንዷ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ሰብሌ የፈላውን ሻይ ረስታው ቆማ ነበር።

መብራት መጣ።

ቴሌቪዥኑ ብልጭ ብሎ ተከፈተ። ማስታወቂያ ገብቶ ቆይቶ ኖሮ አውቶቡሱ አሁንም ቆሟል፤ ክፍሉ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። ሰብሌ ግን አላሰበችበትም፤ ሁለት እርምጃ ተራምዳ ድምፁን ዘጋችው።

«ይጨርሱ የኔታ» አለች። «እሱ ይቆየን።»

የኔታ ከወንበራቸው ተነሡ። «ምን ማለትሽ ነው? ክፈቺው! ክፈቺው እንጂ አንቺ ልጅ!» አሉና ወደ ሰዉ ዞረው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ዝም በሉ! እባካችሁ አንዴ ዝም በሉ፣ አሰሙን!»

ሰብሌ ድምፁን መልሳ ከፈተችው፤ ቤቱ ጸጥ አለ። የኔታ እዚያው እንደቆሙ የክንፈን ትከሻ ጨብጠዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ አይወጣቸውም። ሰብሌ ጠጋ ስትል ሰማቻቸው፤ «ተመለሺ… ተመለሺ እንጂ ልጄ… በእናትሽ…» ይላሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም አይቷል። ጩኸትም ነበር፣ ጭብጨባም ነበር፤ ሁዳ አግዳሚ ላይ ወጥታለች፣ ያሲን ክንፈን አቅፏል። ሰብሌ ግን ፊቷ ወደ ቴሌቪዥኑ አልነበረም። እሷ ስታይ የነበረው የኔታን ነው፤ ዞር ብላ ስትመለከት የተዋንያኑ ስም ዝርዝር እየወጣ ነበር።

በማግስቱ ለሚጠይቃት ሁሉ «እንዴት አምሮ አለቀ» እያለች ዋለች። ማታ ሻይ ቤቱን ልትዘጋ ስትል የኔታ በደጅ ሲያልፉ አየቻቸውና ጠራቻቸው።

«የኔታ፣ አይሳቁብኝና፣ ሉሊት ተሳፈረች ወይስ ተመለሰች?»

የኔታ ቆሙ። ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ከዚያ ገብተው ከቴሌቪዥኑ ፊት ያለውን ወንበር ያዙ፤ ሌላውንም በእጃቸው ሳብ አድርገው አመቻቹላት።

«ተቀመጪ» አሏት።

ሰብሌ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ምድጃው ላይ ውኃ ጣደችና ተቀመጠች።