አንኮበርን ያስጎበኘሁ ዕለት

በጃንሆይ ጊዜ፣ ከኮልፌ እስከ ጦር ኃይሎች፣ ታሪክን ያለ መምህር የተማርኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። ለመሆኑ አዋቂ ሲናገር የሚያቋርጥ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል።

ስድስት ጎረቤቶቼን አንኮበርን ላስጎበኝ ወሰድኳቸው። እኔም አይቼው አላውቅም፤ ግን ማን ጠየቀኝ? ተራራው ወገብ ላይ የድንጋይ አጥር ሳይ፣ «ነገሥታቱ ግብር ያበሉበት ቤት! ጫማ አውልቁ!» አልኩ። ሁሉም በባዶ እግሩ ገባ።

አንዲት ባልቴት ብቅ ብለው፣ «ጌታዬ፣ ይኼ እኮ የላሞቼ በረት ነው» አሉ።

ጎረቤቴ ሐጂ ነስሩ እግራቸውን እያዩ፣ «እኔስ ሽታው ነግሮኝ ነበር!» አሉ።

ኮልፌ ሳንመለስ ስሜ ሊቀበር ሆነ።

«እሜቴ፣ ታዲያ ነገሥታቱ ወተት ከየት ይጠጡ ነበር?» አልኳቸው።

ባልቴቲቱ ታች የሚግጡትን ላሞቻቸውን በአዲስ አክብሮት ይመለከቱ ጀመር።

በዚያች ቀን አንኮበርን አየሁ፣ ስድስት ሰው ጫማ አስወለቅኩ፣ ታሪክ ላልነበረው በረትም ታሪክ ሰጠሁ።