ማጀት የገቡት አማት

ግድግዳ የሚሠራው ጣራ ለመሸከም ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ስለ ግድግዳ የማውቀው ርዝመቱን በቁመቱ ማባዛት ብቻ ነው። አሁን ግን ሆሳዕናን ዞር ዞር ብላችሁ አዳዲሶቹን ቤቶች ብታዩ፣ ሰው ሁሉ ከግድግዳ ጋር የተጣላ ነው የሚመስለው። ሳሎኑ ከመመገቢያው፣ መመገቢያው ከኪችኑ ተያይዞ አንድ ሜዳ ሆኗል። በር ላይ የቆመ እንግዳ ምድጃ ላይ የተጣደውን ድስት ያያል፤ እዚያው ቆሞ ጨው አንሶታል ቢል አይገርመኝም። ይህ ነገር ዘመናዊነት ይባላል። እኔም ዘመናዊ ነኝ። ሠራሁ።

ገብተን መኖር ስንጀምር አንድ ችግር ገጠመኝ፦ ግድግዳ የሌለው ቤት ሥዕል መስቀያም የለውም። በአንድ በኩል መስኮት፣ በሌላው መስኮት፣ በሌላው ቁም ሣጥን። ከሶፋው በስተጀርባ ያለው አንድ ሰፊ ግድግዳ ብቻ ቀረኝ፤ እሱም መመገቢያውንም ኪችኑንም ፊት ለፊት ያያል። እኔ ደግሞ የምሰቅለው ነበረኝ።

አባቴ አቶ ሎምባሞ ጃጁራ አካባቢ የተከበሩ ገበሬና አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ። ካረፉ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። ከመታወቂያቸው ፎቶ በቀር ምስል አልተዉልንም። እሷን የጣት ጥፍር የምታህል ፎቶ ለአንድ ሠዓሊ ሰጥቼ፣ በትልቅ ሸራ ላይ በዘይት ቀለም አሣልኳቸው። ባርኔጣቸው፣ ጋቢያቸው፣ ሙግት ሲሰሙ ጠበብ የሚያደርጓቸው ዓይኖቻቸው፣ ምኑ ቅጡ! ሠዓሊው ሲያስረክበኝ፣ «የትም ብትቆም ዓይናቸው ይከተልሃል» አለኝ። እኔ ይህን እንደ ምርቃት ቆጠርኩት።

ባለቤቴ ታደለች፣ «እዚያ ጋ ነው የምትሰቅላቸው?» አለችኝ።

«ከዚህ የተሻለ የክብር ቦታ የት አለ?» አልኳት።

ዝም አለች። እኔም ዝምታዋን ስምምነት ብዬ ተረጎምኩት፤ ባሎች ስንባል ትርጉም ላይ ጎበዞች ነን። ግድግዳውን በድሪል በስቼ፣ በአራት ወፋፍራም ብሎኖች አሰርኳቸው። የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ ቤቱ ይወድቃል እንጂ አባቴ አይወድቁም።

እዚህ ላይ ለማታውቁ ላስረዳ። በሐድያም በከምባታም የቆየ ወግ አለ፤ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ ሳይሆን ከስሙ ጋር የሚመሳሰለውን ቃል ሁሉ ትሸሻለች። ታደለች የዱራሜ ልጅ ናት፣ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፣ ከእኔ የበለጠ ዘመናዊ ናት። ግን ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን «ሎሚ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። ሱቅ ስትልከኝ «ያን ኮምጣጣውን አምጣልኝ» ነው የምትለው። አማት ባሉበት መብላት፣ ራስ ሳይከናነቡ መታየት፣ ጮክ ብሎ መሳቅ ደግሞ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ የምነግራችሁ እኔ፣ ብሎኑን ሳጠብቅ ግን አንዱም ትዝ አላለኝም።

ሳምንታት አለፉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «አቤት፣ ቁርጥ እሳቸው!» ይላል፤ እኔም እኮራለሁ። ታደለች ቤት ውስጥ ሻሽ ማሰር ጀመረች። ብርድ ይሆናል አልኩ። ማዕድ ስንቀርብ፣ «እናንተ ብሉ፣ እደርሳለሁ» ትላለች። ሥራ በዝቶባት ይሆናል አልኩ። ድምፅዋ እየቀነሰ መጣ። ይህንንስ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ወድጄው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቀን የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃችን ቤቴል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አባ፣ እማ የት እንደምትበላ ላሳይህ?» አለችኝ። እጄን ይዛ ከሶፋው ጀርባ ወሰደችኝ።

ታደለች በሶፋውና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ፣ ልክ ከሥዕሉ ሥር፣ ዱካ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። በቅቤ የራሰ የቡላ አተካናዋን በሳህን ይዛ፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ትበላለች።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እዚህ አያዩኝም» አለች።

ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ጠፋ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«አንተ አባትህን ነው የሰቀልከው» አለችኝ። «እኔ ላይ ግን አማቴን ሰቀልክብኝ። ቤት ሠራህልኝ፤ የምቀመጥበት ግን የለኝም።»

ሃያ ጊዜ የተለካ ቤት ነው። ይቺን አንዲት ሴት ማስቀመጫ ሳልለካ ቀርቻለሁ።

ድሪሌን ላመጣ ስነሳ ክንዴን ያዘችኝ። «እንዳታወርዳቸው! ሰኞ እትዬ ይመጣሉ። ምራቲቱ አስወረደቻቸው ይባላል።»

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ የጃጁራ ገበያ ሲነሣ የእሷ ስም አብሮ ይነሣል። ሥዕሉን ያላየችው እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ግን አንዴ ቆርጫለሁ፤ ያን ዕለት ብሎኖቹን ፈታሁ። ከብሎኖቹ ጋር አንድ ሰሃን ሙሉ ልስንም አብሮ ወረደ። አባቴን በነጠላ ጠቅልዬ መኝታ ቤት አስቀመጥኩ።

ሰኞ እትዬ ገባች። ሰላምታውን ሳትጨርስ የተቦዳደሰውን ግድግዳ አየች።

«አባዬ እዚህ ተሰቅለዋል ብለኸኝ አልነበር? የት አሉ?»

ታደለች ባለችበት ደርቃ ቀረች። «እኔ ነኝ ያወረድኳቸው» አልኩና፣ ሻሹንም ዱካውንም ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርኳት። እትዬ ግድግዳውን፣ ከዚያ ምድጃውን፣ ከዚያ እኔን አየች።

«አባዬ በሕይወት እያሉ ምራታቸው ያለችበት ማጀት ገብተው ያውቃሉ?» አለችኝ። «ገና አጥር ጋ ሲደርሱ አይደል ያስሉ የነበረው፣ እንዳትሳቀቅ ብለው! ስንት ዓመት ተጠንቅቀው የኖሩትን ሽማግሌ፣ አንተ ወስደህ ምድጃ ፊት ገተርካቸው። እሷን ብቻ ነው ያሳፈርከው?»

እውነቴን ነው፤ ወጉ ሁለቱንም እንደሚይዝ፣ እሳቸውም ያፍሩ እንደነበር፣ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

እትዬ የታደለችን እጅ ይዛ ወደ ጠረጴዛው ወሰደቻት፤ ከዋናው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። «ብዪ» አለቻት። «እኔ ፊት ብዪ።» ታደለች በላች። እትዬም አብራት በላች። እኔን የጋበዘኝ የለም።

ሥዕሉን ጃጁራ ትወስደዋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ቤቱን ዞራ ዞራ፣ ፈተና የማርምባትን ጠባብ ክፍል ከፈተችና፣ «እዚህ» አለች። «ለምራት ነው አማት፤ ለልጅ አባት ነው።» ቆማ አሰቀለችኝ።

እነሆ አሁን አባቴ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት፣ በአንድ ሜትር ርቀት አሉ። ሠዓሊው አልዋሸም፤ የትም ብዞር ይከተሉኛል። ትናንት የተማሪዎቹን ወረቀት ሳላነብ ግማሽ ግማሽ ማርክ እየሰጠሁ ሳልፍ፣ ቀና ስል ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አገኘኋቸው።

ከመጀመሪያው ወረቀት እንደገና ጀመርኩ።