መልሱን የማይነግሩት ሊቀ ጥያቄ

ሊቀ ጥያቄን ሚስታቸው ጥለዋቸው ሄዱ ተብሎ ሲወራ፣ ወሬውን ካዛመቱት አንዱ እኔ ነበርኩ። «በእንቆቅልሽ አሰልችተዋቸው ነው» አልን፤ ማንም አልተገረመም። አሁን ግን ላርመው። ሴትየዋ መሄዳቸው እውነት ነው፤ ሻንጣም ይዘዋል። የሄዱት ግን እህታቸው ቤት፣ ጸጥ ባለ ቦታ አስበው የአንዱ እንቆቅልሽ መልስ ላይ ሊደርሱ ነው። በአራተኛው ቀን ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙና «ዘጠኝ!» አሉ። ባል ሆዬ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ተጠግተሻል» አሏቸው። ሻንጣው ሳይፈታ ተመልሶ ሄደ።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ሌላው ሲገናኝ ሰላምታ ይሰጣል፤ እነዚህ ጥያቄ ይሰጣሉ። የእኛው ክቡርነታቸው ሥራቸው መስታወት ቆራጭነት ነው፤ ሱቃቸው ከምኖርበት ፎቅ ሥር። መጠየቃቸውስ ባልከፋ። አንጀቴን የሚያሳርረኝ መልሱን አለመናገራቸው ነው! ብትለምን፣ ብትቆጣ፣ ብታለቅስ፣ ያው አንድ ቃል ነው፦ «እሱን አንተው ድረስበት።»

አንድ ክረምት የመኝታ ቤቴ መስኮት ተሰበረ። ዝናቡ አልጋዬ ላይ ሲወርድ እየሮጥኩ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ። መስታወቱን ቆረጡና እንደ ሕፃን አቅፈውት ቆሙ።

«ይሄ አራት ማዕዘን አለው። አንዱን ማዕዘን ቆርጬ ብጥለው ስንት ይቀራል?»

«ሦስት! ይስጡኝ፣ አልጋዬ ዋኘ!»

«ሂድና በወረቀት ሞክረው።»

እውነቴን ነው፣ ሦስት ፎቅ ወጥቼ፣ እርጥብ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ፣ የመብራት ደረሰኜን በመቀስ ቆረጥኩ። አምስት! በሕይወቴ ሲቆርጡት የሚጨምር ነገር ሁለት ብቻ አውቃለሁ፤ አንደኛው ወሬ ነው።

ጥርሴን ላስነቅል ተራ ስጠብቅም አልማሩኝም። ጉንጬ እንደ ኳስ ተነፍቶ ሳለ አጠገቤ ተቀመጡ። «ተራ ጠባቂዎቹ ስድስት ነን። እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ አንድ ጊዜ ቢጨባበጥ፣ ስንት መጨባበጥ ይሆናል?»

«ሠላሳ ስድስት» አልኩ እያቃሰትኩ።

«ራስህንም ትጨብጣለህ እንዴ?»

መልሱ የመጣልኝ ሐኪሙ ወንበር ላይ፣ አፌ እንደተከፈተ ነው። «አ-ራ አም-ት!» ብዬ ጮኽኩ። አስራ አምስት ማለቴ ነበር። ሐኪሙ አመመው ብሎ ሁለተኛ መርፌ ጨመረልኝ።

የሕንፃው ነዋሪዎች ስለ ተበላሸው የውሃ ፓምፕ የተሰበሰብን ዕለትማ ጉድ ፈላ። ሃያ ሦስት ሰው ነበርን። ክቡርነታቸው እጅ አወጡ፤ ሁላችንም ስለ ፓምፑ መስሎን ዕድሉን ሰጠናቸው።

«ከመካከላችን ሁለት ሰው በአንድ ቀን የተወለደ የሚኖር ይመስላችኋል?»

«ዓመቱ ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀን፣ እኛ ሃያ ሦስት። ምን ነካዎት?» አሉ ሰብሳቢው።

«የመኖሩ ዕድል ካለመኖሩ ይበልጣል።»

«እንዴት ተደርጎ?»

እንዴት እንደሆነ ገምቱ። ድረሱበት ተባልን። ስብሰባው ቀርቶ የልደት ቀን ቆጠራ ሆነ። ሰብሳቢውና የሁለተኛ ፎቅ ሴትዮ፣ በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልተው አራት ዓመት የተኳረፉት፣ በአንድ ቀን ተወልደው ተገኙ! ሳቅ በሳቅ ሆነው ተያይዘው ወጡ፤ ሕዝቡም ተከተለ። ፓምፑን ያስታወሰ የለም። እኔ አስር ቀን ሙሉ በጀሪካን ውሃ ተሸከምኩ። ለዚህ ማን ይጠየቃል?

ይህን ሁሉ ችዬ ነበር። ያልቻልኩት የእናቴን ነው።

እናቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ጉልበቷ እምቢ ስላላት እኔ ዘንድ ልትኖር ተስማማች፤ እያጉረመረመች። «ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ማን ወጥቶ ያየኛል?» ትላለች። ደግሞም ቁም ሣጥኗ አብሯት ካልመጣ ንቅንቅ አትልም። በሩ ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅ፣ በእሷ አባባል፣ «ቁርጥ የአባትህ ማዛጋት» ነው። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል። «እሱ ካልገባ እኔም አልገባም» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ።

አራት ተሸካሚዎች እያላባቸው እኔ ፎቅ አደረሱት። ኮሪደሩ መታጠፊያ ላይ ግን ተቀረቀረ። በጎኑ እንደተኛ ሊያዞሩት ሲሉ ግድግዳው ያዘው። ከጎኑ አንሥተው ሊያቆሙት ሲሉ ጣሪያው ያዘው። አለቃቸው መጋዝ አወጣ። «ከሁለት እንክፈለውና ውስጥ እንገጥመዋለን።»

እናቴ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «በሉ ወደ ቤቴ መልሱኝ።» የቤቷ ቁልፍ ደግሞ ጠዋት ለአከራዩ ተመልሷል።

ይኼኔ ሊቀ ጥያቄ ሜትራቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ለኩ። ቁም ሣጥኑ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከአስር፣ ወርዱ አንድ ሜትር፣ ጥልቀቱ ስልሳ ሳንቲም። ጣሪያው ሁለት ሜትር ከሃያ። ባለፈው ወር ያስቀባሁት ግድግዳ ላይ በእርሳስ አባዙ፣ ደመሩ፣ ካሬ ሥር አወጡ። ከዚያ ፈገግ አሉ።

«ይገባል።»

«እንዴት?» አልን ሁላችንም።

«እሱን…»

«እንዳይሏት!» ብዬ ጮኽኩ።

«…እናንተው ድረሱበት።»

ደሜ ፈላ። «ሰውዬ! እናቴ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ መጋዝ ተመዞ፣ እርስዎ ይጫወታሉ?» እሳቸው ግን አልሰሙኝም። ከኪሳቸው የክብሪት ቀፎ አውጥተው እናቴ መዳፍ ላይ አኖሩ።

«እማማ፣ ቁም ሣጥንዎ ይሄ ነው እንበል። ስንት ዓይነት አተኛኘት አለው?»

እናቴ ቀፎውን ገለበጠች። አስተኛች፣ አቆመች፣ እንደገና አስተኛች። ዕንባዋ መቼ እንደደረቀ አላየሁም።

«አንተ መስታወት ቆራጭ፣ እነዚህ ልጆች በጎኑ ብቻ ነው ያስተኙት።»

«ልክ ነዎት።»

«በጀርባው አስተኝተው ቢያነሡትስ? በቀጭኑ በኩል ይነሣል፤ ጣሪያውን አይነካም። ከቆመ በኋላ ማዞር ምን ይከብዳል?»

ሊቀ ጥያቄ ፊታቸው ቀላ፤ ከደስታ ብዛት። «የጣሪያውን አምፖል ፍቱ!» አሉ። ተሸካሚዎቹ ቁም ሣጥኑን ወደ ደረጃው አፍ መልሰው በጀርባው ገለበጡት፤ አምጥተው መታጠፊያው ላይ አነሡት። ከጣሪያው በታች በአንድ ሳንቲም ከስድስት ሚሊሜትር አለፈ። እሷ በክብሪት ቀፎ የደረሰችበትና እሳቸው ግድግዳዬ ላይ የጻፉት አንድ ሆነ።

ዕቃው ክፍሏ ገባ። በሩን ከፈተችው፤ አዛጋ። ተሸካሚዎቹ ሳቁ። እናቴ ክብሪቱን አልመለሰችም። «ነገ ደግሞ ከበድ ያለ አምጣልኝ» አለቻቸው።

የእኔ ንዴት ግን አልበረደም። ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ደረጃ «አገኘሁት!» እያልኩ ስወርድ ስንት ጫማ ጨረስኩ? አንዳንዴ ተሳስቼ፣ አንዳንዴ ሰበብ ፈልጌ፣ አንዳንዴም ያወቅኩትን እንዳላወቅሁ ሆኜ።

«ለመሆኑ» አልኳቸው፣ «አንድ ቀን እንኳ መልሱን ቢነግሩን ምን ይጎድልብዎታል?»

ክቡርነታቸው በክርናቸው የግድግዳዬን እርሳስ እየጠረጉ ነበር። ቀና አላሉም።

«ከነገርኳችሁማ ማን ተመልሶ ይመጣል?»